ሄልሜት የሚወለቅበት ዛፍ

ባይሻ ዶ ኡምቡ፣ ማርች 15 ቀን 1998

ለአበልጄ ለዶራሊስ፣

ሰላምታዬ አጭር ነው፤ ቅር አይበልሽ። ድሮ ይደርስሽ የነበረውን «ከሰማይ ኮከብ የበዛ ሰላምታ» እኔ ብዬው አላውቅም። የሱቁ ባለቤት ነበር ከራሱ እየጨመረ የሚጽፈው። እኔ «ደህና ነሽ ወይ? እኔ አለሁ» ነበር የምለው። አሁንም ያው ነው። ደህና ነሽ ወይ? እኔ አለሁ።

ለጠየቅሽው፣ አዎ፣ ይህን የምጽፈው እኔው ነኝ። የዶሮ ጭረት ይመስላል ያልሽውንም አንብቤዋለሁ። የዶሮም ቢሆን የራሴ ጭረት ነው። ባሌ ኦሊንቶ በሕይወት ሳለ «ፊደል ለሴት ምን ይሠራላታል» ይል ነበር። እሱን ቀብሬ ስመለስ ማንንም ሳላስፈቅድ ተመዘገብኩ። ሁለት ዓመት በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ የልጅ ልጆቼ በሚሆኑ ልጆች ወንበር ላይ ጉልበቴን አጥፌ ተቀመጥኩ። መምህርቷ ስሳሳት «ጎበዝ» ትለኛለች። የሚያናድደኝ እሱ ነው።

አሁን የምጽፍልሽ ጉዳይ ስላለኝ ነው። አዲስ ሕግ ወጥቷል። ትራፊኮቹ መገንጠያው ላይ ዣንጥላ ተክለው ተቀምጠዋል፤ መንጃ ፈቃድ የሌለውን ሰው ሞተሩን ይወስዱበታል። እዚህ ደግሞ ፈቃድ ያለው ማን አለ? ካህኑ እንኳ የላቸውም። ሁሉም አህያውን ሸጦ ሞተር የገዛ ነው፤ አህያ ደግሞ ፈቃድ ጠይቃ አታውቅም።

ይህን የሰማ ልጄ ኤቫልዶ ከከተማ ገሥግሦ መጣ።

«እማዬ፣ በቃሽ» አለኝ። «ሞተሩን አይብ ነጋዴው ይገዛዋል። አንቺም እኔ ጋ ትገቢያለሽ። የጓሮውን ክፍል ቀለም አስቀብቼልሻለሁ።»

ቀለም አስቀብቶልኛል! የሬሳ ሣጥንም ቀለም ይቀባል። ያለ ሞተር እዚህ መኖር እንደማይቻል ያውቃል፤ ገበያውም ሐኪሙም ከመገንጠያው ማዶ ነው። ሞተሩን ወሰደ ማለት ቤቴን ዘጋ ማለት ነው።

«ፈቃድ ባወጣስ?» አልኩት።

ሳቀ። «እስከ ገና ካወጣሽ፣ ዳግመኛ ይህን ነገር አላነሳብሽም።»

በአባቱ መቃብር አስማልኩት። ስለዚህ ሥልጠና ልገባ ነው። ሕጉ ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው አይፈተንም ይላል። እችላለሁ። ይኸው እያየሽ ነው።

የክርስትና ልጄ ጄኒቫል እንዴት ነው? ሥራው ምንድን ነው? በየደብዳቤው ጠይቄሽ አልመለስሽም። ወይም መልሰሽ የሱቁ ሰውዬ ዘሎታል። ከእንግዲህ ማንም አይዘልብኝም፤ ስለዚህ ጻፊልኝ።

ዙልሚራ


ሳኦ ፓውሎ፣ ኤፕሪል 19 ቀን 1998

ውድ አበልጄ፣

ደብዳቤሽን የማበስልበት ትምህርት ቤት ወስጄ ለሴቶቹ አሳየኋቸው። «ይህን የጻፈችው በስድሳ ዓመቷ ፊደል የቆጠረች ጓደኛዬ ናት» ብዬ። ስለ ዶሮው ጭረት ይቅር በይኝ፤ አንቺ መሆንሽን ባውቅ አልልም ነበር። ውሸቴን ነው፤ እለው ነበር።

ምን ታስታውሻለሽ ብትዪኝ፣ ሁሉንም። አንሴልሞ ያን ቀይ ሞተር ከግድቡ ሥራ ይዞ የመጣ ዕለት ልጆቹ ሲሸሹ፣ ፍየሎቹም ሲሸሹ፣ አንቺ ብቻ ቀርበሽ ጭስ ማውጫውን በእጅሽ ነክተሽ ተቃጠልሽ። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ሲያስተምረን ደግሞ የቤታችንን በር ከማጠፊያው ነቅሎ በቦዩ ላይ አጋደመው። «በዚህ ላይ እግራችሁን መሬት ሳታስነኩ እለፉ» አለን። እግሯን ያወረደች ውኃ ትቀዳለች። ስንት ጊዜ ውኃ እንደቀዳሽ አልናገርም። ያን ሰሞን በር በሌለው ቤት ነው ያደርነው፤ የሰው አሳማ ገብቶ ዱቄቴን በላ። እሱ ግን ምን አለ? «ቀስ ብሎ መሄድ ነው ከባዱ። መፍጠንማ ፍየልም ይፈጥናል።»

ስሙን ስጽፈው አትደንግጪ። ለምን አንድ ቀን እንኳ እንደማልመጣ እንድታውቂ ነው የምጽፈው። አንሴልሞን የገደለው ሰው ሄልሜቱን ሳያወልቅ ገባ፣ ሳያወልቅ ወጣ። ሄልሜት የሚባል ነገር ያየነው ያን ቀን መጀመሪያችን ነበር። ጉድጓዱ አይታጠር፣ ውኃው የሁላችን ነው ከማለት በቀር አንሴልሞ ምን አደረገ? እሱንስ ቻልኩት። ያልቻልኩት ከዚያ በኋላ የመጣውን ዝምታ ነው። በለቅሶው ላይ እንኳ ገዳዩን የላከውን ባለርስት ፈርተው «ሟቹ» አሉት። ካህኑም «ወንድማችን» ብለው አለፉ። የባሌ ስም የማይጠራበትን አገር አልረግጥም ብዬ ልጄን አዝዬ ወጣሁ። አሁን ይጠሩታል? እውነቱን ጻፊልኝ።

ጄኒቫል ደህና ነው። ውጭ ውጭ የሚያስኬድ ሥራ አለው፤ ወረቀት ያደርሳል።

ያንቺው ዶራሊስ


ባይሻ ዶ ኡምቡ፣ ጁን 28 ቀን 1998

ለአበልጄ፣

እውነቱን ጻፊልኝ ብለሻል። አይጠሩትም። ባለርስቱ ሞቷል፤ ልጆቹም መሬቱን ሸጠው ሄደዋል። ፍርሃቱን ግን ትተውልን ነው የሄዱት። መስቀሉ መንደሩ መግቢያ ላይ፣ ባልሽ በወደቀበት ኡምቡ ዛፍ ሥር አለ፤ ስም የለበትም። እኔም አልጠራሁትም። አሁን እንኳ «እሱ» ብዬ ልጽፍልሽ ነበር የጀመርኩት።

አንድ ነገር ግን ይዘናል። ከዚያ ቀን ወዲህ ማንም ፊቱን ሸፍኖ እዚህ መንደር አይገባም። ኡምቡው ጋ ሲደርስ ቆሞ ሄልሜቱን ያወልቃል፤ ሐኪሙም ሆነ ፖስተኛው። ሳያወልቅ የሚገባ ካለ በሩ ሁሉ ይዘጋል፤ ውሻ እንኳ አይጮኽበትም። ልጆቹ ለምን እንደሆነ ሳያውቁ ነው የሚያደርጉት። ይህም ለስም ምትክ ከሆነ እንግዲህ ያው ነው።

ሰሞኑን የዮሐንስን በዓል እሳት አንድደን ነበር። በቆሎው በድርቁ ስላልደረሰ ከሩቅ የመጣ ገዝተን ጠበስን፤ እንጨት እንጨት ይላል። አኮርዲዮን የሚጫወተውም አርጅቶ ዘፈኑን መሐል ላይ ይረሳዋል። እኛ አስፋልት እስኪመስል ድረስ መሬቱን የጨፈርንበት ቦታ ላይ አሁን ሞተር ያቆሙበታል።

ሥልጠናው እንዴት ነው ብትዪኝ፣ መጀመሪያ ዓይን ይመረምራሉ። ሐኪሙ ግድግዳው ላይ ፊደል እያሳየ «ይህን ያነባሉ?» አለኝ። ሁሉንም ጠራሁለት። ከሦስት ዓመት በፊት ቢሆን ዓይኔ እያየ ዕውር ነሽ ይለኝ ነበር። ከዚያ የክፍል ትምህርት ነው። ሁሉም ጢማቸው ያልበቀለ ልጆች ናቸው።

አንዱ ገና ስገባ «አያቴ፣ መንገድ ጠፍቶብሽ ነው? ቤተ ክርስቲያኑ ማዶ ነው» አለኝ።

«አይደለም ልጄ፣ አሳዳጊህን ፍለጋ ነው የመጣሁት» አልኩት።

ከዚያ ወዲህ ወንበር ይይዝልኛል።

በአደባባይ ላይ ቅድሚያ ያለው ማን ነው ብለው ይጠይቃሉ። በዚህ ወረዳ አደባባይ የለም፤ በሥዕል ነው ያየሁት። ቢሆንም አጠናሁት። የጽሑፍ ፈተናውን አለፍኩ። ሌሎቹ ጨርሰው ወጥተው እኔ ብቻዬን ቀርቼ፣ ጠባቂዋ ሰዓቷን እያየች፣ በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ። ጣት መጠቀም ክልክል እንደሆነ የሚል የለም። የቀረኝ የመንዳቱ ፈተና ነው። ሜዳው ላይ ስምንት ቁጥር አለ፣ ኮኖች አሉ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ምን ያለ ይመስልሻል? ሳንቃ! ጠባብ ሳንቃ። እግር ካወረድሽ ወደቅሽ። ሳየው ብቻዬን ሳቅኩ፤ አሠልጣኙ ፀሐይ የመታኝ መሰለው። የቤትሽን በር ነው ያየሁት።

የሚከብደኝ ሄልሜቱ ነው። ታፍኜ እቀመጣለሁ። ስናገር ድምፄ ከሰው ሆድ የሚወጣ ይመስለኛል።

ጄኒቫል ወረቀቱን የሚያደርሰው በምንድን ነው? በእግሩ ነው? በአውቶቡስ ነው?

ዙልሚራ


ባይሻ ዶ ኡምቡ፣ ሴፕቴምበር 6 ቀን 1998

ለዶራሊስ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጎረቤትሽ ልጅ ሠርግ፣ ስለ ሽንኩርት ዋጋ አነበብኩ። በምን እንደሚያደርስ ግን አላነበብኩም። ሁለት ጊዜ ፈለግሁት።

ፈተናው እንዴት ሆነ ላልሽው፣ ወደቅኩ። እግሬን አውርጄ እንዳይመስልሽ። ስምንት ቁጥሩን ሠራሁ፤ ኮኖቹን አለፍኩ። ከሳንቃው በፊት መቆሚያ መስመር አለ፤ ሥርዓቱ ነው ብዬ ቆምኩ። ፈታኙ ወረቀቱን ይዞ ጠጋ አለና «እንደምን አደሩ እናቴ» አለኝ። እኔም ሄልሜቴን አውልቄ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እርስዎስ እንደምን አደሩ» አልኩት።

«ወድቀዋል» አለኝ።

«ምን አጠፋሁ?»

«ሞተሩ ተነሥቶ ሄልሜት ማውለቅ ክልክል ነው። በክፍል ተምረዋል እኮ።»

«ታዲያ ለሰላምታህ ተሸፋፍኜ ልመልስልህ? በእኛ አገር ፊቱን ሸፍኖ ሰላም የሚል ሰው ለሰላም አልመጣም!»

«እናቴ፣ ሕጉ የእኛ አገር የእናንተ አገር አይልም» አለና ወረቀቱ ላይ አሰመረ። ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ሳንቃው ሳይነካ ቀረ። አሠልጣኙ «ሌላ ጊዜ ዝም ይበሉ፣ አያውልቁ» ብሎ መከረኝ። መስሎታል። እጄን እኔ አላዘዝኩትም። ራሱ ነው የሄደው።

ኤቫልዶ ያን ቀን ሞተሩን ጭኖ ወስዶ ግቢው ውስጥ ቆለፈበት። አይብ ነጋዴው መጥቶ ጎማውን በእግሩ መታ መታ አድርጎ አይቶታል። ዳግመኛ የምፈተነው በዲሴምበር መጀመሪያ ነው። ከዚያ ወዲያ ገና ነው። ከገና ወዲያ የጓሮው ክፍል ነው።

ምክር ካለሽ ጻፊልኝ። ስለ ሽንኩርት ከሆነ ይቅርብኝ።

ዙልሚራ


ሳኦ ፓውሎ፣ ኦክቶበር 4 ቀን 1998

አበልጄ፣

በምን ነው ያልሽው፣ በሞተር ነው።

ልጄ ጄኒቫል ቀኑን ሙሉ ሄልሜት አድርጎ በመኪና መሐል እየተሹለከለከ የሰው ወረቀት ያደርሳል። ከጀመረ አራት ዓመቱ ነው። አልነገርኩሽም። የአንሴልሞ ልጅ በሞተር ይብላ ብዬ በምን አፌ ልንገርሽ? ወንዝ ባሏን የወሰደባት ሴት ልጇን ዋናተኛ ታደርጋለች?

መጀመሪያ የገዛ ዕለት ሊያስደስተኝ ብሎ ሄልሜቱን እንዳደረገ በሩን አንኳኳ። ከፈትኩ። ድስቱን ከነሾርባው ለቀቅኩት። ጮኼ ጮኼ ጎረቤት ተሰበሰበ። እሱ ምስኪን «እማዬ እኔ ነኝ፣ እማዬ እኔ ነኝ» ይላል እንጂ ማውለቁ ትዝ አላለውም። ከዚያ ቀን ወዲህ ሄልሜቱን ከደረጃው ሥር ያወልቅና አምስቱን ፎቅ በእጁ አንጠልጥሎት ይወጣል። ለምን እንደሆነ ጠይቆኝ አያውቅም።

እንግዲህ የእናንተን ኡምቡ እዚህ ከደረጃው ሥር ተክዬዋለሁ ማለት ነው። ያንቺን ደብዳቤ ሳነብ ነው የገባኝ።

ምክር አልሽኝ፤ የለኝም። ልጅ ግን አለኝ። በኖቬምበር መጨረሻ ዕረፍት ይወጣል። «እማዬ፣ ልሂድና ላስተምራት» ብሏል፤ አንቺን ማለቱ ነው። ፈቃዱን ሲያወጣ እሱም አንድ ጊዜ ወድቆ ነበር፤ በሳንቃው። ከፈለግሽው እልከዋለሁ። ካስቀየምኩሽ ደግሞ ዝም በይኝ፤ ይገባኛል።

ዶራሊስ


ባይሻ ዶ ኡምቡ፣ ኦክቶበር 25 ቀን 1998

ለዶራሊስ፣

ተቀይሜሻለሁ። አራት ዓመት! እኔ እዚህ ለጄኒቫል ሻማ ሳበራ ቢሮ ውስጥ የተቀመጠ መስሎኝ፣ ከሙቀት ጠብቀው እያልኩ ነበር የምለምነው። ቅዱሳኑን አሳሳትሽብኝ።

የደበቅሽው ፊደል ስለማላውቅ ነበር እንዴ ብዬም አስቤ ነበር። የሱቁ ሰውዬ ጮክ ብሎ ሲያነበው መንደሩ እንዳይሰማ። ይህን ሳስብ ትንሽ በረደልኝ። ትንሽ ነው።

ላኪው። በቀጥታ ከተማ፣ ኤቫልዶ ቤት ይምጣ፤ ሞተሩ ያለው እዚያ ነው። እኔም እዚያ እጠብቀዋለሁ፣ በዚያ ቀለም በተቀባው ክፍል። በርበሬ ይችላል?

ዙልሚራ


ሳኦ ፓውሎ፣ ኖቬምበር 15 ቀን 1998

አበልጄ፣

በርበሬ አይችልም፤ የከተማ ልጅ ነው። በሳምንቱ መጨረሻ ይሳፈራል። ሁለት ሄልሜት ይዞ ነው የሚመጣው፤ አንዱ ላንቺ ነው። ራስሽ ትንሽ እንደነበር ነግሬዋለሁ።

ስለ አባቱ ምን ያውቃል ብትዪኝ፣ መሞቱን ያውቃል። እንዴት እንደሞተም ያውቃል። ፎቶ ግን የለንም፤ አንድም አልተነሣም። ልጅ እያለ «አባቴ ምን ይመስላል?» ሲለኝ «መስተዋት እይ» ነበር የምለው። አሁንም ስታዪው ትረጃለሽ። አደራ፣ ስታዪው አታልቅሺበት፤ ይደነግጣል።

ዶራሊስ


ባይሻ ዶ ኡምቡ፣ ዲሴምበር 20 ቀን 1998

ለአበልጄ ለዶራሊስ፣

አላለቀስኩበትም። አውቶቡሱ ጣቢያ ሲወርድ አየሁትና «ሲጠብቅህ የዋለ ሰው አይርበውም እንዴ?» ብዬ ተቆጣሁት። እሱም የአባቱን ሳቅ ሳቀ። ያኔ ፊቴን ወደ ሻንጣው አዞርኩ።

ልጅሽ ጨካኝ አሠልጣኝ ነው። ሳንቃውን አላስጠናኝም። «ሳንቃውን እማዬ እንደነገረችኝ እርስዎ ነዎት የሚያስተምሩኝ» አለኝ። ያስጠናኝ ሄልሜቱን ነው። ጠዋት ያስርብኛል፣ እስከ ምሳ አላወልቅም። ባቄላ ስለቅም በሄልሜት፣ ልብስ ሳሰጣ በሄልሜት። የኤቫልዶ ሚስት ጎረቤት ምን ይለናል ብላ ልትሞት ነው።

«እማማ ዙልሚራ፣ እንደምን አደሩ!» ይለኛል ከየጥጉ ብቅ እያለ። እጄ ወደ አገጬ ሲሄድ «አ-አ! እጅ መሪ ላይ!» ይጮኻል።

«ባለጌ! ታዲያ በምኔ ልመልስልህ?»

«ራስዎን ይነቅንቁ። በቃ። እንሽላሊት አላዩም?»

እንሽላሊት ሆንኩልሽ። በእርጅናዬ ያልሆንኩት ይህ ብቻ ነበር።

በፈተናው ቀን ያው ፈታኝ ነው የነበረው። መቆሚያው መስመር ላይ ጠጋ አለና፣ ሆን ብሎ ይሁን ከልማድ አላውቅም፣ «እንደምን አደሩ እናቴ» አለኝ። ዶራሊስ፣ መሪውን ጨምድጄ ያዝኩ። ነቀነቅኩ። እሱም ነቀነቀልኝ። ከዚያ ሳንቃው ላይ ወጣሁ፣ ቀስ ብዬ፣ በጣም ቀስ ብዬ፤ በርሽን ረግጬ እንዳልሰብር ያህል። ከማዶ ስወርድ ጄኒቫል ከአጥሩ ውጭ ቆቡን ወደ ሰማይ ወረወረው፤ ጣሪያ ላይ ቀረበት።

ፈቃዱ እጄ ላይ ነው። ፎቶው ላይ የተናደድኩ እመስላለሁ፤ ትክክል ነው። ኤቫልዶ አገላብጦ አየውና ቁልፉን ሰጠኝ። «እንግዲህ ቀስ ብለሽ ንጂ» አለኝ። ልጅ ነው፤ ቀስ ማለት ከባዱ መሆኑን አያውቅም። የጓሮውን ክፍል ለዶሮዎች አድርገው ብዬዋለሁ።

አሁን የምነግርሽን ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ጄኒቫልን ከኋላ አፈናጥጬ ተነሣሁ። መገንጠያው ላይ ትራፊኩ አስቆመን። ፈቃዴን ሰጠሁት፤ አየው፣ መለሰልኝ፤ «መልካም መንገድ» አለኝ። ነቀነቅኩ። ሁለታችንም ሄልሜት እንዳደረግን እስከ ኡምቡው መጣን። ዛፉ ሥር ቆምኩና ሞተሩን አጠፋሁ።

«ምን ሆነ እማማ?» አለኝ።

«አውልቅ» አልኩት። «አባትህ እዚህ ነው የወደቀው። ፊትህን ለአገርህ አሳይ።»

አወለቀ። መስቀሉን አየው፤ እጁን አሳረፈበት። ከዚያ ፀጉሩ በላብ እንደተጣበቀ፣ ሄልሜቶቹን በክንዳችን አንጠልጥለን፣ በዝግታ ገባን። ቲቡርሲዮ የድሮ ቦታው፣ ሱቁ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ጫማ ይሰፋል። አሁን በጣም አርጅቷል፤ ጆሮው ስለማይሰማ ሲያወራ ይጮኻል። ቀና አለ። ወስፌው ከእጁ ወደቀ።

«አንሴልሞ!» አለ።

ዶራሊስ፣ እንደ ድሮው ከጉድጓዱ ማዶ ሰው የሚጠራ መስሎት፣ በሙሉ ድምፁ ነው ያለው። ዱቄት የምትመዝነው ሴት እጇ ቆመ። ማንም አላስጠነቀቀው፤ «ዝም በል» ያለውም የለም። ተነሥቶ እየተወላከፈ መጣና የልጅሽን ፊት በሁለት እጁ ይዞ «አንሴልሞ፣ የት ጠፍተህ ነው?» አለው።

ያኔ እኔም አልኩት። «የአንሴልሞ ልጅ ነው፣ ቲቡርሲዮ! የአንሴልሞና የዶራሊስ ልጅ!» የኔንም ድምፅ የሰሙት መሰለኝ፤ ከየደጃፉ ሰው ወጣ። አንዲት ትንሽ ልጅ «አንሴልሞ ማን ነው?» ብላ ጠየቀች፤ ይህን የሚመልሱላት ሰዎች እርስ በርስ መሻማት ጀመሩ። አንዱ ስለ ቀዩ ሞተር፣ አንዱ ስለ ጉድጓዱ፣ አንዱ ደግሞ ስለ ቤቱ በር። ለምሳ በየቤቱ ተጠራን። ልጅሽ በርበሬ በላ፤ ዓይኑ አለቀሰ፤ እሱ በርበሬው ነው ይላል።

ጄኒቫል ትናንት ተሳፍሯል። ይህ ደብዳቤ ከእሱ በኋላ ሳይደርስሽ አይቀርም፤ እሱ ግን እንደዚህ አድርጎ አይነግርሽም፤ ወንድ ነው፣ ያሳጥረዋል።

እንግዲህ ምክንያትሽ አለቀ። ሌላ ምክንያት ካለሽ ጻፊልኝና በጣቴ እየተከተልኩ አንብቤ እስቅብሻለሁ። አውቶቡሱ መገንጠያው ላይ ያወርድሻል። እኔ ከትራፊኩ ዣንጥላ ሥር እጠብቅሻለሁ። ልጅሽ ሁለተኛውን ሄልሜት ትቶልኛል።

እንደምትፈሪው አውቃለሁ። እስከ ዛፉ ድረስ ብቻ ነው የምታደርጊው።

ዙልሚራ